ይግባኝ በሐኪም ላይ

እኛ ኢትዮጵያውያን ይግባኝ የምንወድ ሕዝብ ነን። ጎረቤት በአንድ ክንድ ድንበር ገፋን ብለን ወረዳ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። እዚያ ብንሸነፍ ወደ በላይ እንላለን፤ የበላዩ ቢያጸናብን ወደሚቀጥለው፤ በመጨረሻም "መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል" የሚል ማመልከቻ አስጽፈን እስከ ሰበር ድረስ እንወጣለን። አያቶቻችንም ቢብሱ እንጂ ከእኛ አያንሱም ነበር። ስንቃቸውን ቋጥረው፣ የስንት ቀን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው፣ ዙፋን ችሎት ፊት "አቤት!" ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ይመጡ ነበር። ዙፋን ችሎቱ ከዘውዱ ጋር ቀረ፤ የይግባኝ ፍቅራችን ግን አልቀረም። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ዳኛው ይግባኝ ስለተባለበት አይቀየምም። ውሳኔውን አንብቦ ሲጨርስ እሱው ራሱ "ይግባኝ መብት ነው" ብሎ ያሰናብትሃል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለአንድ ክንድ መሬት ነው። ለገዛ ሰውነታችንስ?

እስቲ አንድ ቤት ውስጥ ገብተን እንይ። ቤቱ የእኔም የእናንተም ሊሆን ይችላል። እናት ለወራት ሲያማቸው ቆይተው ተመርምረዋል። ሐኪሙ ታላቁን ልጅ ለብቻው ጠርቶ "ካንሰር ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል" ብሎታል። ማታ ልጆቹ ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ ይመክራሉ። ታናሽ እህት "ሌላ ሐኪም ይያት እንጂ" ትላለች። ታላቅ ወንድም "ዶክተሩ ይቀየመናል! ነገ ተመልሰን የምንወድቀው እሱው እጅ ላይ ነው" ይላል። አክስት "ይልቅ ጠበሉን አስቀድሙ" ይላሉ። አማቹ ደግሞ ባንኮክ ሄዶ "ምንም የለብህም" ተብሎ የተመለሰ ሰው ያውቃል። እናትየው ሳሎን ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ። እሳቸውን የጠየቀ የለም። የነገራቸውም የለም።

ሐኪም ይቀየማል ወይ? ሁለተኛው ሐኪም ሌላ ነገር ቢል ማንን እንመን? ታማሚው ይወቅ ወይስ አይወቅ? በዚህ ጓዳ ውስጥ የሚነሱት ጥያቄዎች ለእኛ ብቻ የተሰጡ ይመስሉናል። አይደሉም። ከመቶ ሠላሳ አምስት ዓመት በላይ በፊት፣ በርሊን ላይ፣ በአንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ውስጥ እነዚሁ ጥያቄዎች ተነስተው አንድ መንግሥት አተራምሰዋል። የዚያን ቤት ታሪክ ዛሬ ላጫውታችሁ።

*

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1887 ነው (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቪልሄልም ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። አልጋ ወራሹ ልጃቸው ፍሬድሪክ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ልዑሉ ረጅም፣ ጺማም፣ በሁለት ጦርነቶች ሠራዊት መርተው ስም ያተረፉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው የእንግሊዟ ንግሥት የቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ስሟም እንደ እናቷ ቪክቶሪያ ነው። ብዙ ለውጥ ፈላጊ ጀርመናውያን "እኚህ ሰው ሲነግሡ አገሩ ትንሽ ይተነፍሳል" ብለው ይጠብቋቸዋል። ብረት ለበሱ ቻንስለር ቢስማርክ ደግሞ በትክክል በዚሁ ምክንያት ልዑሉንም፣ ይልቁንም እንግሊዛዊት ባለቤታቸውን፣ በጥርጣሬ ዓይን ያያል።

ጥር ላይ የልዑሉ ድምፅ ጎረነነ። ብርድ ነው ተባለ። ብርዱ አልለቅ ሲል በመጋቢት የበርሊን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ካርል ጌርሃርት ጉሮሯቸውን በመስተዋት አየና በግራው የድምፅ አውታር ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት አገኘ። በሽቦ ቀለበት ሊቆርጣት ሞከረ፤ እምቢ አለች። በጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ ደጋግሞ ተኮሳት። ከዚያ "ይረፉ" ተብለው ባድ ኤምስ ወደሚባል ፍል ውኃ ተላኩ። አያችሁ፣ ፍል ውኃውም አልቀረም።

በግንቦት ሲመለሱ እብጠቷ ተመልሳ አድጋ ነበር። አሁን ዝነኛው ቀዶ ሐኪም ኤርንስት ፎን በርግማን ተጠራ። አይቶ አላመነታም፤ ካንሰር ነው አለ። የጉሮሮ ሐኪሙ ቶቦልድም ተስማማ። አንገቱን ከውጭ ከፍቶ፣ ማንቁርቱን ገልጦ፣ እብጠቱን ማውጣት ያስፈልጋል ተባለ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ሜይ 21።

እዚህ ላይ ቢስማርክ በትዝታ መጽሐፉ የጻፈው አንድ ነገር አለ። እንደ እሱ አባባል ሐኪሞቹ ያሰቡት ልዑሉን ሳያማክሩ፣ አደንዝዘው፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ሊቀዷቸው ነበር። ቢስማርክ ይህን ሲሰማ ተቃወመ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም አሳወቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያለ ልጃቸው ፈቃድ ምንም እንዳይደረግ አዘዙ። ልብ በሉ! የወደፊቱ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ማለት ናቸው። እኛ ጓዳ ውስጥ ገብተን "ለእማዬ እንዳትነግሯት" ስንል የነማንን ሥራ እንደምንሠራ እዩት።

ሐኪሞቹም ነገሩ የአልጋ ወራሽ ነገር ነውና ሌላ አዋቂ ይጨመርበት ብለው ተስማሙ። በዚያ ዘመን በጉሮሮ በሽታ ስሙ የገነነው ሞሬል ማኬንዚ የሚባል የለንደን ሐኪም ነበር። ሜይ 20 ቀን በርሊን ገባ። ቢላዋው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

*

ማኬንዚ የልዑሉን ጉሮሮ አየና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ካንሰር መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ጥያቄው ትክክል ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የፈረደው በዓይኑ አይቶ፣ በልምዱ መዝኖ ነው። ማኬንዚ ግን ከእብጠቱ ቁራሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ካንሰር መሆኑ ሳይረጋገጥ አንገት አይከፈትም አለ። ዛሬ ይህ ለማንኛውም የሕክምና ተማሪ ሀሁ ነው። ያኔ ግን ባዮፕሲ የሚለው ቃል ራሱ ከተፈጠረ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ናሙናው የሚላክለት ሰው ደግሞ ከማንም የማይወዳደር ነበር፤ የዘመናዊው ፓቶሎጂ አባት የሚባለው ሩዶልፍ ፊርሾ፣ እዚያው በርሊን።

ማኬንዚ ሜይ 21 ቀን በጉሮሮ በኩል በረጅም መቆንጠጫ ትንሽ ቁራሽ አወጣ። ፊርሾ አየ፤ ካንሰር የለም አለ። ሜይ 23 ድጋሚ ተወሰደ፤ የለም። በጁን ለሦስተኛ ጊዜ ተወሰደ፤ አሁንም የለም። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። በቤተ መንግሥቱ የነበረውን እፎይታ ገምቱት። ባለቤታቸው ማኬንዚን ከሰማይ እንደወረደ መልአክ አየችው። በዚያው ወር ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት ሃምሳኛ ዓመት ለንደን ላይ ሲከበር፣ ልዑሉ ነጭ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው፣ በፈረስ ተቀምጠው በሰልፉ አለፉ። የተመለከታቸው ሁሉ ተደነቀ። በሴፕቴምበር ንግሥቲቱ ማኬንዚን የ"ሰር" ማዕረግ ሰጡት።

አሁን ወደ ፊርሾ ወረቀት ልመልሳችሁ። የነገሩ ማሰሪያ ያለው እዚያ ነው። ፊርሾ ጠንቃቃ ሰው ነበር። በመጨረሻው ሪፖርቱ ያየው ሥጋ ጤናማ እንደሚመስልና ተስፋ የሚሰጥ መሆኑን ጻፈ፤ ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ይህ ተስፋ ለበሽታው በሙሉ ይሠራል ወይ የሚለውን ከተወሰዱት ቁራሾች ብቻ ማወቅ አይቻልም አለ። እሱ የመሰከረው በመስተዋቱ ሥር ስላየችው ጥፍር ስለማታህል ቁራሽ እንጂ ስለ ልዑሉ ጉሮሮ አልነበረም። "ባሳያችሁኝ ውስጥ የለም" ነው ያለው። ቤተ መንግሥቱ የሰማው ግን "የለም" የሚለውን ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲጨንቀው የሚያነበው የወረቀቱን ግማሽ ነው።

*

ልዑሉ ቀዝቃዛ አየር ሽሽት ከስኮትላንድ ወደ ቲሮል ተራሮች፣ ከዚያ ወደ ቬኒስ፣ ከዚያም በኖቬምበር መጀመሪያ ሳን ሬሞ ወደምትባል የጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ ሄዱ። ድምፃቸው አልተመለሰም። ሳን ሬሞ በደረሱ በቀናት ውስጥ ማኬንዚ በስልክ ሳይሆን በቴሌግራም ተጠርቶ መጣ። ሲያይ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ፣ መልኩም የከፋ አዲስ እብጠት በቅሏል። ልዑሉ ካንሰር ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ማኬንዚም እንደሚመስለው፣ ግን እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ነገራቸው። በረጋ መንፈስ እንደተቀበሉት ተጽፏል።

ከቪየናና ከፍራንክፈርት ሌሎች ሐኪሞች ተጠሩ። አሁን የቀረው አማራጭ ማንቁርቱን ጨርሶ ማውጣት ነበር። ይህ ቀዶ ሕክምና ለካንሰር የተሠራው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1873 ቪየና ላይ በቢልሮት እጅ ነው፤ በነዚያ ዓመታት ከጠረጴዛው ከተነሱት ይልቅ የሚሞቱት ያስፈሩ ነበር። ልዑሉ አልፈልግም አሉ። የፈለጉት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቀዳዳ እንዲከፈትላቸው ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 የበርግማን ረዳት አንገታቸውን በስቶ የመተንፈሻ ቱቦ አስገባላቸው። ልክ በወሩ፣ ማርች 9 ቀን አባታቸው አረፉና ፍሬድሪክ ነገሡ። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር አይችሉም ነበር፤ ትእዛዛቸውን በብጣሽ ወረቀት ይጽፉ ነበር።

የነገሡት 99 ቀን ነው። ጁን 15 ቀን 1888 ፖትስዳም ላይ አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ፊርሾ ራሱ ነበረበት። የማንቁርት ካንሰር ነበር። ዙፋኑን የ29 ዓመቱ ልጃቸው ዳግማዊ ቪልሄልም ያዘ፤ በ1914 ጀርመንን ይዞ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባው እሱ ነው። አባትየው ቢድኑ ኖሮ አውሮፓ ሌላ መንገድ ትሄድ ነበር የሚሉ አሉ። "ቢሆን ኖሮ" ታሪክ ስላልሆነ እኔ አልገባበትም።

ሐኪሞቹ ግን ከቀብሩ በኋላ ተፋጁ። ጀርመኖቹ በዚያው ክረምት ዘገባ አሳትመው "እንግሊዙ ገደለብን" አሉ፤ ናሙናውን ሲያወጣ ጤናማውን በኩል አቆሰለ ብለውም ወነጀሉት። ማኬንዚም በኦክቶበር አንድ መጽሐፍ ሙሉ መልስ ሰጠ፤ የታማሚውን ገመና አደባባይ በማውጣቱ የገዛ አገሩ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ወቀሰው። በ1892 ሞተ። የሕክምና ጥያቄ የነበረው ነገር የጀርመንና የእንግሊዝ፣ የቢስማርክና የልዕልቲቱ ጠብ ሆኖ አረፈ።

*

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ብዙዎቹ ወዲያው "በቃ ሁለተኛው ሐኪም ነው የገደላቸው! መጀመሪያውኑ የመጀመሪያውን ቢሰሙ ኖሮ!" ይላሉ። ታላቅ ወንድምየው በጓዳ ውስጥ የሚለው ይህንኑ ነው።

እኔ እንደዚያ አላነበውም። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች የበሽታውን ስም በትክክል ጠርተዋል፤ የጠሩት ግን ያለ ማስረጃ ነው። በዚያ ዘመን በዓይን ብቻ ካንሰር ተብሎ ሲቀደድ ካንሰር ያልሆነ ሰው ስንት ነበር? ደግሞም ያቀዱት ቀዶ ሕክምና በጊዜው ብዙ ሰው ያተረፈ አልነበረም፤ ልዑሉ ሜይ 21 ቀን ተቀድደው ቢሆን ኖሮ 1888ን እንደሚያዩ ዋስ የሚሆን የለም። ማኬንዚም የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ፊርሾም ያየውን በትክክል ጽፏል። ሦስቱም በየፊናቸው የሚከበር ሥራ ሠርተዋል።

ስህተቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት የተለያየ አስተያየት ሲመጣ፣ ቤተ መንግሥቱ ማስረጃውን ሳይሆን ጣፋጩን መረጠ። "ካንሰር አልተገኘም" የሚለው ቃል "ካንሰር የለም" ወደሚል ተለወጠ። ናሙናው የተወሰደው ከትክክለኛው ቦታ ነው ወይ? እብጠቱ እያደገ ከሄደ እንደገና የሚያየው ማነው? የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ያዩት ነገር ምን ነበር? እነዚህን የጠየቀ ሰው ጠላት ተባለ። ልዑሉ ይግባኝ አሉ፤ ተፈረደላቸው፤ መዝገቡም ተዘጋ። ካንሰር ግን መዝገብ ተዘጋ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

"ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካሰቡ። ተለያይተው አንዱን በአንዱ ካጣፉት ግን ሁለት መሆናቸው ምን ይጠቅማል? ይግባኝ ማለት የምወደውን ዳኛ ፍለጋ አይደለም። የላይኛው ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያደርገው የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ማስቀረብ ነው። ባንኮክ ሄዶ "ምንም የለብህም" ተብሎ የመጣው የአማቹ ወዳጅም የሚጠየቀው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ናሙና አሳየህ ወይስ ፊትህን ብቻ?

*

ልዑሉ ከቢላዋ በፊት ፋታ ያገኙት ቢስማርክ ስለነበራቸው ነው። ቢስማርክ የሌለውስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ፤ ሰማንያ ሰባት ዓመትም ወደፊት እንራመድ።

ዊልያም ሃልስተድ የተባለ ቀዶ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጡት ካንሰርን በአንድ መንገድ ማከም አስለመደ፤ ጡቱን ከሥሩ ካለው ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር አንድ ላይ ማውጣት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ የማይነካ ሕግ ሆኖ ኖረ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ፈርማ ትገባለች። ትደነዝዛለች። ናሙናው ይወሰዳል፣ እዚያው በፍጥነት ይመረመራል፣ ካንሰር ከሆነ ሳትነቃ ጡቷ ይወጣል። ስትተኛ ካንሰር እንዳለባት አታውቅም፤ ስትነቃ ደረቷን ዳብሳ ታውቃለች። በፍርዱና በቅጣቱ መካከል አንዲት ደቂቃ የለም። ይግባኝ የሚባለው መቼ ነው?

በ1974 ሮዝ ኩሽነር የምትባል የሜሪላንድ ጋዜጠኛ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ጋዜጠኛ ናትና አነበበች። ከዚያ ለሐኪሞች እየደወለች "ናሙናውን ብቻ ውሰዱልኝ፤ ውጤቱን ሰምቼ፣ አስቤበት፣ ሌላ ሰው ጠይቄ እወስናለሁ" አለች። አንዱ እምቢ፣ ሌላውም እምቢ። ከብዙ ስልክ በኋላ አንድ የሚስማማ አገኘች። ውጤቱ ካንሰር ነበር። እሷም ጊዜ ወስዳ ጡንቻዋን የማያነሳ ሐኪም ፈልጋ ታከመች። ተመልከቱ፤ ይግባኙ በሽታውን አላጠፋላትም። የሰጣት ስለ ገዛ አካሏ የመወሰን ዕድል ነው።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የፕሬዚዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘባት ተባለ። ኩሽነር ወደ ነጩ ቤተ መንግሥት ደወለች፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አታድርጉባት፣ መጀመሪያ ውጤቱን ትስማ ለማለት። የተነገራት መልስ ፕሬዚዳንቱ መወሰናቸውን የሚገልጽ ነበር። ጡቱ የእሷ ነው፤ የወሰኑት ግን ባለቤቷ ናቸው። እኛ ጓዳ ውስጥ ያለው ታላቅ ወንድም ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

ኩሽነር በ1975 መጽሐፏን አሳተመች፤ ሐኪሞች ስብሰባ ላይ እየተነሳች ተከራከረች፤ ተጮኸባትም። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው በሁለት ቀጠሮ እንዲሆን፣ ሃልስተድ ያስለመደውም ከባድ ቀዶ በቀለለው እንዲተካ መከረ። በጉባኤው ውስጥ ከተቀመጡት አንዷ ሐኪም ያልሆነችው ሮዝ ኩሽነር ነበረች። በ1985 ደግሞ በርናርድ ፊሸር የመራው ትልቅ ጥናት፣ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት በብዙ ታማሚዎች ላይ ጡቱን በሙሉ ከማውጣት ጋር እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ። ለመቶ ዓመት ያህል "የግድ ነው" ሲባል የኖረው ነገር የግድ አልነበረም ማለት ነው። ኩሽነር በ1990 በዚያው በሽታ ሞተች። አሥራ ስድስት ዓመት ኖራበት፣ ሠርታበት ነው የሞተችው።

*

አሁን ወደ ጓዳችን እንመለስ። እነዚያ ልጆች አሁንም እየተንሾካሾኩ ነው።

ይግባኝ ለማለት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ፍርዱን ማወቅ ነው። የተፈረደበትን ያልሰማ ሰው ይግባኝ አይልም። እናት ካልተነገራቸው የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ተደንዝዘው እንደተኙ ናቸው፣ ዓይናቸው ተገልጦም ቢሆን። የእኛ ሰው በክፉ ወሬ አነጋገር የተካነ ነው፤ መርዶ እንኳ በወጉ እናረዳለን። ለታመመ ሰው የገዛ ሕመሙን ለመንገር ወግ አጥተን ነው?

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። የፓቶሎጂው ውጤት በጽሑፍ፣ የራጁና የሲቲ ስካኑ ፊልም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ናሙናው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ለምርመራ የተወሰደው ሥጋ ታይቶ አይጣልም፤ በሰም ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ይቆያል። ከእሱ የተቆረጠውን ስስ ቁራጭ የያዘው ብርጭቆም እንዲሁ። ሌላ ፓቶሎጂስት እንደገና ሊያነበው ይችላል፤ አዲስ ቁራጭም ሊቆረጥለት ይችላል። ከሩቅ አገር ለመጣ ገበሬ ሁለተኛ ሐኪም ማግኘት ቀላል ነው አልልም። በአገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የሰፈር ካፌ ያህል ካንሰር ሐኪም የለንም። ግን ወረቀቱና ብርጭቆው ከታማሚው በርካሽ ይጓዛሉ። ታማሚው አልጋው ላይ እንዳለ ናሙናው ሌላ ከተማ ሊታይ ይችላል፤ ዋሽንግተን ያለ የወንድም ልጅም የውጤቱ ቅጂ ቢላክለት የሚያሳየው ሐኪም አያጣም። ችግሩ የምንልክለት በስልክ "ካንሰር አሏት" የሚለውን ለቅሶ ብቻ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሐኪሙ "ቶሎ" ሲል "ቶሎ ማለት ስንት ቀን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አብዛኞቹ እባጭ የሚያበጁ ካንሰሮች በዚህ ሳምንት አልተጀመሩም፤ ሌላ ሐኪም እስኪያይ የሚበቃ ፋታ ብዙ ጊዜ አላቸው። የማይጠብቁም አሉ፤ በድንገት የሚነሳ የደም ካንሰር፣ ትንፋሽ የሚዘጋ፣ አከርካሪ የሚጫን። ይህን ለይቶ የሚነግራችሁ ያው የመጀመሪያው ሐኪም ነው። ስለዚህ ጠይቁት። ፋታው ግን የሳምንታት እንጂ የወራት አይደለም። ከሐኪም ወደ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ባሕል አዋቂ፣ "የለብህም" የሚል አፍ እስኪገኝ የሚዞር ሰው ሳን ሬሞ ደርሶ ያገኘዋል። ጠበሉም ቢሆን ቀጠሮ አያሻማም፤ አብሮ ይሄዳል።

ሁለቱ ሐኪሞች ከተስማሙስ? ገንዘብ አለቀ፣ ጊዜ ባከነ የሚል አለ። ለእኔ ይህ ከሁሉ የተሻለው ይግባኝ ነው። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገቡ ጥርጣሬን ውጭ አስቀምጦ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ካልተስማሙ ደግሞ "ማን ይበልጣል?" ሳይሆን "በምን አያችሁት?" ነው ጥያቄው፤ ካስፈለገም ናሙናው እንደገና ይወሰድ። ዛሬ በታላላቅ የካንሰር ማዕከላት ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረሩ ሐኪም፣ የመድኃኒቱ ሐኪምና ፓቶሎጂስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው የአንድ ታማሚ መዝገብ ላይ ይመክራሉ። በርሊንና ለንደን በ1887 እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ቢኖራቸው ስንት መጽሐፍና ስንት ስድብ ይቀር ነበር! እንዲህ ያለ ስብሰባ ባለበት "የእናታችን ጉዳይ ቀርቧል ወይ?" ብሎ መጠየቅም አንድ ይግባኝ ነው።

የሐኪሙ ቅያሜ ነገርስ? የሚቀየም አይጠፋም፤ ሰው ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ሐኪም ራሱ ሲታመም ስንት ጓደኛውን ይጠይቃል? በሥራው የሚተማመን ሐኪም ወረቀቱን ገልብጦ ይሰጣችኋል፤ ጎበዞቹማ ሳትጠይቁት "ሌላም ሰው ይያት" ይላሉ። ዳኛ ከቻለው ሐኪም ምን ያቅተዋል? እኛም ብንሆን አጠያየቁን እንወቅበት። "አላመንህም" ማለትና "ይህን ያህል ነገር ነውና በሁለት ዓይን ይታይልኝ" ማለት አንድ አይደሉም።

ጓዳው ውስጥ ያሉት ልጆች ገና አልተስማሙም። ከሳሎን ግን ሲኒ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ የእናትየው ድምፅ።

"ምን እየተንሾካሾካችሁ ነው? የታመምኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ኑ ውጡና ንገሩኝ!"